መዝገብም ምስክርነት ነው፦ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ፈር ቀዳጆች በሒስ ሚዛን

ስለ ቤተ መጻሕፍት ሳይንስ አጀማመር በመምህራኖቻችን ዘንድ ሁለት ትረካዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት የመጣ ነው፤ ሙያው የተወለደው በ1876 እ.ኤ.አ. ሜልቪል ዱዊ በአሜሪካ የአሥርዮሽ አመዳደባቸውን ባሳተሙበት ዓመት ነው ይላል። ሁለተኛው በመድረኮቻችንና በኹጥባዎቻችን የሚሰማ ነው፤ ባግዳድ፣ ካይሮና ቁርጡባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኪታቦች የነበሯቸው ከተሞች ስለሆኑ ሌላው ሁሉ ከእኛ የተቀዳ ነው ይላል። የመጀመሪያው ትረካ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ የቀደመን ሥራ ይዘላል። ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ሥራ ገልጦ ሳያነብ በቁጥሩ ብቻ ይመካል።

በዚህ ጽሑፍ አራት ሰዎችን በአንድ ሚዛን ለመመዘን አስበናል፦ የባግዳዱን ኢብኑን-ነዲም፣ የኢስታንቡሉን ካቲብ ጨለቢ፣ አሜሪካዊውን ዱዊ እና ህንዳዊውን ራንጋናታን። ሚዛናችን ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። መጽሐፉ በእርግጥ መኖሩን ማን መሰከረ? በምን ፍርድ ተመደበ? ፈላጊውስ እንዴት ይደርስበታል? እነዚህ ጥያቄዎች ለታሪክ ብቻ የሚጠየቁ አይደሉም። በየመስጂዱና በየደረሳ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት ኪታቦቻችን ዕጣ በመልሶቹ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን በመጨረሻው ክፍል እናሳያለን።

ከቁጥሩ ይልቅ ደብተሩ

በመጀመሪያ የትምክህቱን ቁጥር እንመርምር። የአንደሉሱ ኸሊፋ ዳግማዊ አል-ሐከም፣ ከ961 እስከ 976 እ.ኤ.አ. የገዙት፣ በቁርጡባ 400,000 ጥራዝ ሰብስበው ነበር ይባላል። ኢብኑ ሐዝም ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሰሙትን ሌላ ነገር አስተላልፈውልናል፤ የመጻሕፍቱ ስም የሰፈረባቸው ደብተሮች 44 ነበሩ። የእያንዳንዱ ደብተር ቅጠል በአንዱ ዘገባ 50፣ በሌላው 20 ነው። ብዙውን ብንወስድ 2,200 ቅጠል፣ ማለትም 4,400 ገጽ ይሆናል። ደብተሮቹ የግጥም ዲዋኖችን ብቻ የያዙ ናቸው የሚሉ አሉ፤ ቃሉ ለማንኛውም ጥራዝ ያገለግላልና ጠቅላላ መዝገብ ነበሩ የሚሉም አሉ። ጠቅላላ መዝገብ ከነበሩ፣ 400,000 ጥራዝ በእነዚህ ገጾች ላይ ለማስፈር በአንድ ገጽ ዘጠና ያህል መጻፍ ያስፈልጋል። አንድ ርእስ ብዙ ጥራዝ ሊኖረው እንደሚችል ብናስብ እንኳ ቁጥሩን ያለ ጥርጣሬ መቀበል ያስቸግራል።

ቁጥሩ ቢቀንስ ግን የምናጣው ክብር የለም። ለእኛ ከ400,000ው ጥራዝ ይልቅ 44ቱ ደብተሮች ይበልጡብናል። መጽሐፍ መሰብሰብ ገንዘብ ላለው ንጉሥ ሁሉ የሚቻል ነው፤ የሰበሰቡትን ለይቶ መመዝገብ ግን የዕውቀት ሥራ ነው። ኢብኑ ሲና በቡኻራ የሳማኒዮች ቤተ መጻሕፍት ስለገቡበት ጊዜ ሲናገሩ፣ ክፍሎቹ በትምህርት ዓይነት የተለዩ እንደነበሩ፣ የቀደምቶቹን መጻሕፍት ዝርዝር አንብበው የሚፈልጉትን እንደጠየቁ ገልጸዋል። ያቁት አል-ሐመዊ ደግሞ ሞንጎሎች ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በመርው ከተማ ሲኖሩ፣ ከወቅፍ ቤተ መጻሕፍት የተዋሷቸው 200 ያህል ጥራዞች ከቤታቸው ጠፍተው እንደማያውቁ፣ አብዛኞቹንም ያለ መያዣ እንደወሰዱ ጽፈዋል። ዝርዝር፣ ምደባ እና ውሰት ሦስቱም ነበሩ ማለት ነው። ትምክህት ካስፈለገ የሚያስመካው ይህ ነው።

የወራቁ ምስክርነት

አቡል-ፈረጅ ሙሐመድ ኢብኑ ኢስሐቅ፣ በተለምዶ ኢብኑን-ነዲም የምንላቸው፣ በባግዳድ ወራቅ ነበሩ፤ መጻሕፍትን የሚያስገለብጡና የሚሸጡ ማለት ነው። «አል-ፊህሪስት» የተባለውን መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት በ377 ዓ.ሂ. (987/988 እ.ኤ.አ.) ነው። በአሥር መቃላዎች ከፍለውታል። ስድስቱ የመለኮታዊ መጻሕፍትንና የቁርኣን ትምህርቶችን፣ የነህው ሊቃውንትን፣ የታሪክና የጽሕፈት ሰዎችን፣ ግጥምን፣ ዒልሙል-ከላምን፣ ፊቅህንና ሐዲሥን ይይዛሉ። የቀሩት አራቱ ለፍልስፍናና ለቀደምት ሳይንሶች፣ ለተረትና ለአስማት፣ ለሌሎች እምነቶች፣ ለኪሚያ የተሰጡ ናቸው።

የዚህ ሥራ ትልቅነት በሦስት ነገሮች ይታያል። አንደኛ፣ ጸሐፊው በዓይናቸው ያዩትን፣ በደራሲው እጅ ጽሕፈት ያነበቡትን እና ከሌላ የሰሙትን በብዙ ቦታ ይለያሉ። የኢስናድን ሥርዓት ለተማረ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ምስክርነትን ከወሬ የመለየት ልማድ ከሐዲሥ ደርስ ወደ መጽሐፍ ገበያ ተሻግሯል። ሁለተኛ፣ የገጣሚዎችን ዲዋን መጠን በቅጠል ሲገልጹ የቅጠሉን ልክ አስቀድመው ወስነዋል፤ በአንድ ገጽ 20 መስመር ያለው የሱለይማኒ ቅጠል ነው። ይህን ያደረጉት ገዢው የተጓደለ ቅጂ እንዳይሸጥበት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ሦስተኛ፣ ዕድሜ ወይም ስም ሳያገኙ ሲቀሩ ባዶ ቦታ ትተዋል፤ በኋላ የሚመጣ ያገኘውን እንዲሞላው።

ይሁንና ሒስ ያስፈልጋቸዋል። አል-ሓፊዝ ኢብኑ ሐጀር «ሊሳኑል-ሚዛን» በተባለው ኪታባቸው ኢብኑን-ነዲምን በሺዓነትና በሙዕተዚላነት ወቅሰዋል፤ ለአህሉስ-ሱንና የማይገባ ስያሜ መስጠታቸውንም ነቅፈዋል። ነቀፌታው መሠረት የለሽ አይደለም። ስድስተኛውን መቃላ እንመልከት። ፊቅህና ሐዲሥ በስምንት ክፍል ተደልድለዋል፦ ኢማሙ ማሊክ፣ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ፣ ኢማሙ ሻፊዒይ፣ ዳውድ አዝ-ዟሂሪይ፣ የሺዓ ፉቀሃእ፣ የሐዲሥ ሰዎች፣ ጦበሪይ፣ ኸዋሪጅ። ኢማሙ አሕመድ ኢብኑ ሐንበል የራሳቸው ክፍል የላቸውም፤ የሚገኙት ከሐዲሥ ሰዎች ጋር ነው። ዛሬ አራት መዝሀብ ብሎ ለሚቆጥር ደረሳ ይህ ያስደንቀዋል። በአንጻሩ መዝሀባቸው ቀጣይ ያላገኘው ኢብኑ ጀሪር አጥ-ጦበሪይ ሙሉ ክፍል ተሰጥቷቸዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ምደባ ፍርድ ነው፤ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ በአንድ ሰው አስተያየት በኩል ያልፋል። ያ ፍርድ ደግሞ በዘመኑ የታሰረ ነው፤ በአራተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ሕያው የነበረው የጦበሪይ መዝሀብ ኋላ ጠፍቷል፣ መዝገቡ ግን መኖሩን ይመሰክራል። ስለዚህ በኢብኑን-ነዲም ላይ ያለን አቋም ሁለት ገጽ አለው። «ይህ መጽሐፍ አለ፣ አይቼዋለሁ» ሲሉ ምስክርነታቸውን እንቀበላለን፤ ስለ ሰዎችና ስለ አንጃዎች ሲፈርዱ ፍርዳቸውን እንመረምራለን። ይህ አዲስ መንገድ አይደለም። የሐዲሥ ሊቃውንት በአቋሙ የሚነቀፍ ነገር ግን በቃሉ እውነተኛ የሆነን ራዊ ዘገባ በመስፈርት ሲቀበሉ ኖረዋል። ኢብኑን-ነዲምን በአቋማቸው ምክንያት ጨርሶ መተው፣ ወይም በሥራቸው ብቻ ተማርኮ ፍርዳቸውን ሁሉ መዋጥ፣ ሁለቱም ከሊቃውንቱ ሚዛን መውጣት ነው።

የሒሳብ ጸሐፊው ሃያ ዓመት

ሙስጦፋ ኢብኑ ዐብዲላህ፣ ካቲብ ጨለቢ ወይም ሓጂ ኸሊፋ የሚባሉት፣ በ1609 እ.ኤ.አ. በኢስታንቡል ተወልደው በ1657 ሞቱ። በኦቶማን ጦር የሒሳብ ጸሐፊ ነበሩ። ሠራዊቱ በሐለብ በከረመበት ጊዜ በመጽሐፍ ሻጮች ሱቅ ያዩትን ርእስ መመዝገብ ጀመሩ፤ ኋላም የደረሳቸውን ውርስ ለመጻሕፍት አዋሉት። «ከሽፉዝ-ዙኑን» የተባለው ሥራቸው ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶ 14,500 ገደማ የመጻሕፍት ርእሶችን በፊደል ተራ ያዘ።

የካቲብ ጨለቢ ዋና አስተዋጽኦ መለያን ማበጀታቸው ነው ብለን እናምናለን። ያዩትን ኪታብ ሲመዘግቡ ብዙ ጊዜ የመክፈቻውን ቃላት ይጽፋሉ። ሊቅ ሆኖ የድሮ ጥራዝ የገለጠ ሁሉ የዚህን ዋጋ ያውቃል። የመጀመሪያው ቅጠል ርእስ የለውም፤ ወይም አንዱ ኪታብ በሦስት ስም ይጠራል፤ ወይም ሦስት ኪታቦች አንድ ስም ይጋራሉ። የመክፈቻው ሐምድ ግን እንደ ሰው መልክ ነው፤ አንዱን ከሌላው ይለየዋል። በተጨማሪ ሸርሕና ሓሺያውን ከእናት መትኑ ሥር ሰብስበዋል። የነሰፊይን «ከንዙድ-ደቃኢቅ» የፈለገ አንባቢ በዚያው ሥር የፈኽሩድ-ዲን ዑሥማን ኢብኑ ዐሊይ አዝ-ዘይለዒይን «ተብዪኑል-ሐቃኢቅ» ያገኛል። እኒህ ዓሊም የሞቱት በ743 ዓ.ሂ. ሲሆን ኒስባቸው ወደ ዘይለዕ፣ ለኢፋትና ለሐረር የባሕር በር ወደነበረችው ወደብ ይመልሰናል። በአፍሪካ ቀንድ ስም የሚጠራ ሊቅ ሥራ በኢስታንቡል መዝገብ ውስጥ ቦታውን አግኝቷል።

ሒሱ ደግሞ ይከተላል። የፊደል ተራ የኢብኑን-ነዲምን የፍርድ ችግር ያቀልላል፤ አሊፍ ከባ የሚቀድመው በማንም አቋም አይደለም። ዋጋው ግን ርእሱን ለሚያውቅ ብቻ ማገልገሉ ነው። ስለ ውርስ ሕግ የተጻፈ ሁሉ የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ኪታቦቹን ተበታትነው ያገኛቸዋል። ካቲብ ጨለቢ ይህን ተረድተው እያንዳንዱን የትምህርት ዘርፍ በዒልምነቱ ራሱን ችሎ አስገብተውታል፤ ነገር ግን ችግሩ ተቃለለ እንጂ አልተወገደም። ሌላው፣ የመዘገቡት በእጃቸው የገባውንና በቀደሙ መጻሕፍት ያነበቡትን ነው። በሐለብ ወይም በኢስታንቡል ገበያ ያልደረሰ ኪታብ ወደ መዝገቡ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነበር። ያቁትም ሆኑ ኢብኑ ሲና ካመሰገኗቸው ቤተ መጻሕፍት በተለየ፣ ይህ መዝገብ ኪታቡ ዛሬ በየትኛው ቤት፣ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገኝ አይናገርም።

የሥራውን ቀጣይነት በተመለከተ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ከሽፉዝ-ዙኑንን በ1835 እና በ1858 እ.ኤ.አ. መካከል በሰባት ጥራዝ ከላቲን ትርጉም ጋር ያሳተሙት ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍሉገል ናቸው፤ ያዘጋጁት የ«አል-ፊህሪስት» ኅትመትም ከሞታቸው በኋላ በ1871 እና በ1872 ወጣ። ከእኛ ወገን የባግዳዱ ኢስማዒል ፓሻ የከሽፉዝ-ዙኑንን ተጨማሪ ጻፉ፤ በኢስታንቡልም በ1941 እና በ1943 መካከል ሥራው በአዲስ ተሰናድቶ ታተመ። በሁለቱ ሊቃውንት የምንመካ ከሆነ ያቆዩልንንም ልናስታውስ ይገባል።

ቁጥሩን ወደ መጽሐፉ ያመጡት ሰው

ሜልቪል ዱዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የመጀመሪያው የአሥርዮሽ አመዳደብ 44 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ነበረች። አዲስነቷ እዚህ ላይ ነው፦ ቀድሞ ቁጥር የሚሰጠው ለመደርደሪያው ነበር፤ ዱዊ ቁጥሩን ለመጽሐፉ ጉዳይ ሰጡት። ቤቱ ቢሰፋ፣ መደርደሪያው ቢቀየር፣ መጽሐፉ ከወንድሞቹ ጋር ይቆማል። በአሥርዮሽ ነጥብ ምክንያትም አዲስ ዕውቀት ሲመጣ ቦታ አይጠፋለትም። በ1887 በኮሎምቢያ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሙያውን ከአንድ ታታሪ ሰው ሕይወት አላቅቆ ተተኪ ወደሚያፈራ ተቋም ማሸጋገር ታላቅ እርምጃ ነው። ኢብኑን-ነዲምና ካቲብ ጨለቢ ዘዴያቸውን የሚያስቀጥል እንዲህ ያለ የሥልጠና ቤት አልነበራቸውም፤ ይህን አለመናገር ለወገን ማድላት ይሆናል።

የዱዊ ምደባም ግን ፍርድ ነው። ለሃይማኖት ከተሰጠው 200ኛው ክፍል ውስጥ ከ220 እስከ 280 ያለው ለክርስትና ውሏል። የዓለም ሌሎች ሃይማኖቶች ሁሉ 290 ላይ ተጨናንቀው፣ እስልምና 297 ደርሶታል። ተፍሲር፣ ሐዲሥ፣ ፊቅህ፣ ዐቂዳ፣ ተሰውፍ፣ ሲራ ሁሉም ከዚያች ነጥብ ኋላ በሚደረደሩ ረጃጅም አኃዞች መለየት አለባቸው። ይህ ለአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ስብስብ የሚመች ሊሆን ይችላል፤ ከመቶው ዘጠናው ኪታቡ ስለ እስልምና ለሆነ የመድረሳ ቤተ መጻሕፍት ግን ሁሉም ነገር 297 ነው ማለት ምንም አልተመደበም ማለት ነው። በግለሰብ ደረጃም ዱዊ አይሁዶችን ከማኅበራዊ ክበባቸው ማግለላቸው በዘመናቸው ተቃውሞ አስነስቶባቸዋል፤ የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበርም በ2019 ስማቸውን ከሽልማቱ አንሥቷል።

እዚህ ላይ ሚዛናችን ይፈተናል። ለኢብኑን-ነዲም የሰጠነውን ፍትሕ ለዱዊ ልንነፍግ አንችልም። ዘዴውን እንቀበላለን፣ ፍርዱን እንመረምራለን። ዱዊን «ለእኛ 297 ብቻ ሰጡ» ብሎ የሚከስ አንባቢ፣ ኢብኑን-ነዲም ለሌሎች እምነቶች ሁሉ አንድ መቃላ እንደሰጡ ማስታወስ አለበት። ሁለቱም የቆሙበትን ቤት መሐል አድርገው ዓለምን ደረደሩ። ልዩነቱ የዱዊ ድርድር በዓለም ላይ መሠራጨቱና ያንን ቤት ለማያውቁ ሰዎች እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት መሰጠቱ ነው።

የሒሳብ መምህሩ ጥያቄ

ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን (1892–1972) የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ። በ1931 አምስቱን የሙያው ሕጎች፣ በ1933 የራሳቸውን አመዳደብ አሳተሙ። ሕጎቹን በእኛ አነጋገር ብናጠቃልላቸው፦ መጽሐፍ የሚቀመጠው ሊሠራበት ነው፤ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚስማማው መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱም መጽሐፍ የሚፈልገው አንባቢ አለ፤ የአንባቢ ጊዜ አይባክን፤ ቤተ መጻሕፍትም የሚያድግ ነገር ነው።

አመዳደባቸው አንድን ጉዳይ በአንድ ሣጥን ከመክተት ይልቅ በገጽታዎቹ ይተነትነዋል። የወሎን መንዙማ እናስብ። ጉዳዩ የነቢዩ ﷺ ውዳሴ ነው፣ ቋንቋው አማርኛ ነው፣ ፊደሉ ዐጀም ነው፣ ቅርጹ ግጥም ነው። በዱዊ አካሄድ ወይ እስልምና ወይ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ብለን አንዱን መምረጥ ይኖርብናል፤ በራንጋናታን አካሄድ አራቱም ገጽታዎች በአንድ መለያ ውስጥ ይገባሉ። ድክመቱ ውስብስብነቱ ነው፤ ምልክቶቹን ለማንበብ ሥልጠና ይጠይቃል፣ ከህንድ ውጭም በሰፊው አልተሠራበትም። የአንባቢን ጊዜ መቆጠብ ሕግ ያደረጉ ሰው ለአንባቢ የሚከብድ ቁጥር መሥራታቸው ሊነቀፍ ይገባል።

በእኛ ላይ የቀረው

አራቱን ስንመዝን እያንዳንዱ የሦስቱን ጥያቄዎች አንዱን አጥብቆ ይመልሳል። ኢብኑን-ነዲምና ካቲብ ጨለቢ መኖርን መሰከሩ፤ ዱዊ ቦታን አበጁ፤ ራንጋናታን አንባቢን አስቀደሙ። ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ የሚጠብቁበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ እርሱም የራሳችን ሣጥን ነው።

በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች የሊቃውንት ቤተሰቦችና መስጂዶች በእጅ የተጻፉ ኪታቦችን ይዘዋል። ጥቂቶቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምንና መሰል ቤቶችን ደርሰዋል። የቀሩት በቤት ጢስ፣ በምስጥ፣ በዝናብ እና በገበያ መካከል ናቸው። ሸይኹ ሲሞቱ ወራሾች ይከፋፈሏቸዋል፤ ወቅፍ የተባለው ከግል ንብረቱ ጋር ይደባለቃል፤ አንድ ጥራዝ ሲጠፋ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ የለም፣ መኖሩ አልተጻፈምና። ቁርኣን በአል-በቀራህ ምዕራፍ 282ኛ አንቀጽ ትንሽም ሆነ ትልቅ ብድር እንዲጻፍ ያዛል። የአንድ ሰው ዕዳ እንዳይካድ መጻፍ ካስፈለገ፣ የአንድ ኡማ አማና ሳይጻፍ መቅረቱን ምን ብለን እንመልሳለን?

«ዝርዝር ማውጣት ሌባንና ነጋዴን መጥራት ነው» የሚል ሥጋት ከአባቶች ይሰማል። ሥጋቱ እውነት አለው። መልሱም ከሙያው ይገኛል፤ የኪታቡን ማንነት የሚገልጸውን መዝገብ ከሚቀመጥበት ቦታ መዝገብ መለየት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ለጥናት ይሰጣል፣ ሁለተኛው በመስጂዱ ኮሚቴ እጅ ይቆያል። ያልተመዘገበ ኪታብ ሲሰረቅ ባለቤትነቱን የሚያረጋግጥ ምስክር የለውም፤ የተመዘገበው ግን በማንኛውም ገበያ ቢገኝ መክፈቻው፣ የቅጠሉ ቁጥርና የወቅፍ ጽሑፉ ይናገሩለታል።

ለመጀመር ገንዘብም ኮምፒውተርም ግድ አይደሉም። ኢማሙና የመድረሳው መምህር በአንድ ደብተር ለእያንዳንዱ ጥራዝ ስምንት ነገር ይጻፉ፦ ርእስ፤ ደራሲ፤ የመክፈቻና የመዝጊያ ቃላት፤ የቅጠል ብዛት ከገጹ መስመር ጋር፤ ቋንቋና ፊደል፤ የገልባጩ ስምና ዘመን፤ የወቅፍ ወይም የባለቤትነት ጽሑፍ፤ የኪታቡ ዘርፍ። ያልታወቀው እንደ ኢብኑን-ነዲም ባዶ ይተው፤ በግምት አይሞላ። ድርድሩ እንደ ካቲብ ጨለቢ በፊደል ተራ ይሁን፣ ዘርፉ ለብቻው ዓምድ ይኑረው። በ297 ሥር እንመድብ ወይስ የራሳችንን ክፍፍል እናብጅ የሚለው ክርክር ሊቀጥል ይችላል፤ ምዝገባው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ምስጡም አይጠብቅምና። አንዱ ቅጂ በመስጂዱ፣ ሌላው ከመስጂዱ ውጭ በታመነ እጅ ይቀመጥ፤ ደረሳዎችም ኪታብ ሲቀሩ መመዝገብን አብረው ይማሩ።

የባግዳዱ ወራቅና የኢስታንቡሉ ጸሐፊ ይህን የሠሩት በግል ድካማቸው፣ በቀለምና በወረቀት ነበር። እኛም በየመስጂዳችን ከአንድ ሣጥን ልንጀምር እንችላለን። ወላሁ አዕለም።